በእንግሊዝ የአካል ጉዳት ድጎማ እያገኙ መድኃኒት በነፃ መውሰድ፦ የቅጣት ክፍያን እንዴት መከላከል፣ ደብዳቤው ከመጣ እንዴት መልስ መስጠት ይቻላል

በእንግሊዝ የሚኖሩና በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ድጎማ የሚያገኙ ብዙ ወገኖቻችን፣ መድኃኒት በነፃ የማግኘት መብት ከድጎማው ጋር አብሮ የተሰጣቸው ይመስላቸዋል። እንዲህ ማሰባቸው አያስገርምም። ሰውየው መታመሙን በባለሙያ አስመርምሮ ያረጋገጠና በየጊዜው ገንዘብ የሚከፍለው መንግሥት፣ ለዚያው ሕመም የሚወስደውን መድኃኒት ራስህ ግዛ ይለዋል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ሕጉ ግን የሚጠይቀው የሕመሙን ክብደት ሳይሆን የድጎማውን ዓይነት ነው። ድጎማው የሚሰጠው የቤተሰቡ ገቢ ተመዝኖ ከሆነ በአብዛኛው መድኃኒቱም ነፃ ይሆናል፤ ገቢ ሳይታይ ለአካል ጉዳት ብቻ የሚሰጥ ወይም በሥራ ዘመን በተከፈለ የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ የሚገኝ ከሆነ ግን ብቻውን ነፃ አያደርግም። ይህን ልዩነት ማንም ሳያስረዳቸው በመድኃኒት ማዘዣው ላይ «ነፃ ነኝ» ብለው ፈርመው መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ከወራት በኋላ የቅጣት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ይህ ጽሑፍ ከመፈረም በፊት ምን ማጣራት እንደሚገባና ደብዳቤው ከመጣም ምን ማድረግ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

እዚህ የተጻፈው ሁሉ እንግሊዝን ብቻ የሚመለከት ነው። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሰሜን አየርላንድ በ2010፣ ስኮትላንድ ደግሞ በ2011 የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያን ለሁሉም ነዋሪ አስቀርተዋል። ስለዚህ ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ያለ ዘመድ «እኔ ከፍዬ አላውቅም» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ ለለንደን፣ ለሊድስ ወይም ለበርሚንግሃም ነዋሪ ግን አይሠራም።

የትኛው ድጎማ ነፃ ያደርጋል?

በመጀመሪያ ነፃ የማያደርጉትን እንይ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚያ ነውና። ፒፕ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአካል ጉዳተኞች የግል ነፃነት ክፍያ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ተመሳሳይ ድጎማ ዲ.ኤል.ኤ፣ ለአረጋውያን የሚሰጠው አተንዳንስ አላዋንስ፣ እንዲሁም የታመመ ሰው ለሚንከባከቡ የሚከፈለው ኬረርስ አላዋንስ፣ አንዳቸውም ብቻቸውን የመድኃኒት ክፍያን አያስቀሩም። ፒፕን በከፍተኛው ደረጃ የሚያገኝና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው እንኳ ሌላ ምክንያት ከሌለው ይከፍላል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ፊርማ ሲያኖሩ የሚመዘኑት ባለው ሕግ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የመሥራት አቅማቸው ለተወሰነ ሰዎች የሚሰጠው ኢ.ኤስ.ኤ ነው፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ድጎማዎች አሉና። አንደኛው የቤተሰቡን ገቢና ቁጠባ መዝኖ የሚሰጠው ሲሆን፣ እርሱን የሚያገኝ ሰው መድኃኒት በነፃ ይወስዳል። ሁለተኛው በናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ ላይ የተመሠረተውና ዛሬ ኒው ስታይል ኢ.ኤስ.ኤ የሚባለው ነው፤ ይህ ነፃ አያደርግም። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ የባንክ መግለጫ ላይም የሚያሳዩት ያንኑ መሥሪያ ቤት ነው። ልዩነቱ በግልጽ የሚገኘው ድጎማው በተፈቀደበት ደብዳቤ ውስጥ ነው። ደብዳቤውን አውጥተው የክፍያው ዝርዝር ያለበትን ገጽ ይፈልጉ፤ ገንዘቡ «ኢንካም ሪሌትድ» ተብሎ ከተጠቀሰ ነፃ ነዎት፣ «ኮንትሪቢውሽን ቤዝድ» ወይም «ኒው ስታይል» ብቻ የሚል ከሆነ ግን አይደሉም። አንዳንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ላይ ሲያገኝ ቆይቷል፤ እንዲህ ከሆነ በገቢ የተመዘነው ክፍል፣ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ነፃ ለመሆን ይበቃል። ደብዳቤው ከጠፋ ወይም ግራ ካጋባዎ ለሥራና ጡረታ ሚኒስቴር ደውለው የትኛውን ዓይነት እንደሚያገኙ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። በስልክ የተነገረ ቃል በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

መንግሥት በገቢ የሚመዘነውን የቀድሞ ኢ.ኤስ.ኤ ተቀባዮች በገቢ ተመዝኖ ወደሚሰጠው ድጎማ፣ ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ሲያዛውር ቆይቷል። ይህ ሽግግር ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቅበት ቦታ ነው። ለዓመታት በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ በትክክል «ኢ.ኤስ.ኤ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ሲያደርግ የኖረ ሰው፣ ከተዛወረ በኋላም በልማድ ያንኑ ሳጥን ይመርጣል፤ የሚመረምረው ኮምፒውተር ደግሞ በዚያ ስም የተመዘገበ ድጎማ አያገኝም። ቁጠባው ከ16,000 ፓውንድ በላይ በመሆኑ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ያልተፈቀደለትና ኒው ስታይል ኢ.ኤስ.ኤ ብቻ የቀረው ሰው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ እርሱ የተሳሳተው ሳጥን ብቻ ሳይሆን መብቱም ቀርቶበታል።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ራሱም ሁሉንም ነፃ አያደርግም። የሚታየው መድኃኒቱ ከመወሰዱ በፊት በተጠናቀቀው የመጨረሻ የወር ስሌት የተመዘገበው ከሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ ነው፤ ባልና ሚስት በጋራ የሚያመለክቱ ከሆነ የሁለቱ ገቢ ተደምሮ ይታያል። ሥራ ከሌለ ወይም ገቢው 435 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መድኃኒቱ ነፃ ነው። በማመልከቻው ውስጥ የልጅ ክፍያ ካለ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ በሕመም ምክንያት የመሥራት አቅሙ ውስን መሆኑ በሚኒስቴሩ ከተረጋገጠ፣ ጣራው ወደ 935 ፓውንድ ከፍ ይላል። ስለዚህ የአካል ጉዳት ላለበት ሰው ዋናው ጥያቄ «ፒፕ አገኛለሁ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «በዩኒቨርሳል ክሬዲቴ ውስጥ የመሥራት አቅሜ ውስን መሆኑ ተመዝግቧል ወይ?» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታይ ወጥመድ አለ። በየአራት ሳምንቱ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በዓመት ውስጥ በአንድ የወር ስሌት ሁለት ደመወዝ ያስቆጥራል። ለምሳሌ የመሥራት አቅሟ ውስን ሆኖ በጽዳት ሥራ በየአራት ሳምንቱ 500 ፓውንድ የምታገኝ እናት በሌሎቹ ወራት ሁሉ ነፃ ናት፤ ሁለቱ ደመወዝ በገጠመበት ወር ግን ገቢዋ 1,000 ፓውንድ ሆኖ ስለሚመዘገብ ከጣራው በላይ ትወጣለች፣ ከዚያ ስሌት ቀጥሎ የምትወስደውንም መድኃኒት መክፈል ይኖርባታል። የሥራ ሰዓቷም ሆነ ኑሮዋ አልተለወጠም። ለዚህ መፍትሔው መድኃኒት ለመቀበል ከመሄድ በፊት በዩኒቨርሳል ክሬዲት የኢንተርኔት አካውንት ገብቶ የመጨረሻውን የክፍያ መግለጫ መመልከት ነው።

ከድጎማ ውጭ ያሉ ምክንያቶችም አሉ። 60 ዓመት የሞላው፣ ከ16 ዓመት በታች የሆነ፣ ከ16 እስከ 18 ዓመት ሆኖ በሙሉ ጊዜ የሚማር፣ የጡረታ ክሬዲት ጋራንቲ የሚያገኝ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም በ12 ወራት ውስጥ የወለደችና የወሊድ ሰርተፍኬት ያላት ሴት አይከፍሉም። ለአካል ጉዳተኞች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሜዲካል ኤግዘምፕሽን የሚባለው ሰርተፍኬት ነው። በመድኃኒት የሚታከም የስኳር ሕመም፣ የማያቋርጥ መድኃኒት የሚያስፈልገው የሚጥል በሽታ፣ ሆርሞን መውሰድ የሚያስገድድ የታይሮይድ እጥረት፣ የካንሰር ሕክምናና ሌሎች የተዘረዘሩ ሕመሞች ይህን ሰርተፍኬት ያሰጣሉ። በዝርዝሩ ውስጥ፣ ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ከቤት መውጣት የማያስችል ዘላቂ የአካል ጉዳትም አለ። ፒፕ የሚያገኙና ብቻቸውን መውጣት የማይችሉ ብዙ ሰዎች ይህን ሰርተፍኬት ማግኘት ይችሉ ነበር፤ የነገራቸው ስለሌለ ግን አይጠይቁም። ማመልከቻው ኤፍ.ፒ 92ኤ የሚባል ቅጽ ሲሆን የሚገኘውና የሚረጋገጠው ከጂፒ (ከቤተሰብ ሐኪም) ዘንድ ነው። ሰርተፍኬቱ በአብዛኛው አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ነፃ የሚያደርገው ሕመሙ ሳይሆን በሥራ ላይ ያለው ሰርተፍኬት መሆኑን ግን ልብ ይበሉ። ስኳር ያለበት ሰው ሰርተፍኬቱ ሳይታደስ ጊዜው ካለፈ ኢንሱሊኑን በነፃ በመውሰዱ ይቀጣል።

ጥገኝነት ጠይቀው ለመጡ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። ከሆም ኦፊስ የኑሮ ድጋፍ የሚያገኝ ጥገኝነት ጠያቂ ኤች.ሲ 2 የሚባል ሰርተፍኬት ይሰጠዋል፤ በእርሱም መድኃኒት ነፃ ነው። መኖሪያ ፈቃዱ ሲመጣ ግን ድጋፉ ይቆማል፤ ያ ወቅት ቤት ፍለጋ፣ ባንክ መክፈትና ለዩኒቨርሳል ክሬዲት ማመልከት ሁሉ በአንድ ላይ የሚመጡበት በመሆኑ የሰርተፍኬቱን ቀን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን ይመልከቱ፤ ካለፈ በኤች.ሲ 1 ቅጽ እንደገና ማመልከት ይቻላል። ይኸው ቅጽ ገቢው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ነፃ የሚያደርግ ድጎማ ለሌለው ለማንኛውም ሰው፣ ኒው ስታይል ኢ.ኤስ.ኤ ብቻ ለሚያገኝም ጭምር፣ ክፍት ነው። ቁጠባው ከ16,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ሰው ግን አይፈቀድለትም፤ በእንክብካቤ ማዕከል ለሚኖር ጣራው ከፍ ያለ ነው።

ከመፈረም በፊት

የማዘዣው ወረቀት ኤፍ.ፒ 10 ይባላል፤ ዛሬ አብዛኛው ማዘዣ በኮምፒውተር ከጂፒ ወደ ፋርማሲ ቢላክም መግለጫው ያው ነው። በወረቀቱ ጀርባ ላይ በፊደል የተለዩ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ነፃ የሚያደርግ አንድ ምክንያት ይዟል። ከሥር የፊርማ ቦታ አለ፤ ከፊርማው አጠገብ ያለው ጽሑፍ መረጃው ትክክል መሆኑንና ሐሰት ከሆነ እርምጃ ሊወሰድ እንደሚችል የሚያስታውቅ ነው። ከሳጥኖቹ አንዱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠውን ኢንካም ሰፖርትንና በገቢ የሚመዘነውን ኢ.ኤስ.ኤ በአንድ ላይ ይጠቅሳል፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲትም የራሱ ሳጥን አለው። ፒፕ የሚል ሳጥን ግን የለም። የድጎማዎን ስም ከሳጥኖቹ ውስጥ ካላገኙት «የሚቀርበው ይህ ነው» ብለው ሌላውን አይምረጡ፤ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው።

ሰውነቱ የደከመ ሰው ፋርማሲ ውስጥ ወረፋ ይዞ ቆሞ፣ ሠራተኛው «ትከፍያለሽ ወይስ ነፃ ነሽ?» ብሎ በጥድፊያ ሲጠይቅ «ቤኔፊት ላይ ነኝ» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ሠራተኛውም በቅን ልቦና አንዱን ሳጥን ይመርጥለታል። ብዙ ፋርማሲዎች መብቱን በዚያው ቅጽበት በኮምፒውተር ማጣራት ይችላሉ፤ ስለዚህ «እባክዎን ነፃ መሆኔን በሲስተሙ ይዩልኝ» ብለው ይጠይቁ። ካላገኙት ግን ፊርማው የእርስዎ ስለሆነ ኃላፊነቱም የእርስዎ ነው። ልጅ ወይም ጎረቤት መድኃኒቱን ተቀብሎ ቢፈርምልዎ እንኳ ደብዳቤው የሚመጣው በታካሚው ስም ነው፤ ስለዚህ የሚልኩት ሰው የትኛውን ምክንያት መናገር እንዳለበት በወረቀት ጽፈው ይስጡት። መድኃኒት በፖስታ ከሚልኩ የኢንተርኔት ፋርማሲዎች የሚያዝዙ ደግሞ ሲመዘገቡ የመረጡት ምክንያት እዚያው ተቀምጦ ስለሚቀር፣ ድጎማዎ በተለወጠ ቁጥር ገብተው ያስተካክሉት።

እርግጠኛ ካልሆኑ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ከፍሎ ኤፍ.ፒ 57 የሚባለውን ደረሰኝ መጠየቅ ነው። ይህ ደረሰኝ የሚሰጠው በሚከፍሉበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከወጡ በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁ አይሰጥም። በኋላ ነፃ መሆንዎ ከተረጋገጠ፣ ከከፈሉበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወራት ውስጥ ጠይቀው ገንዘብዎን ያስመልሳሉ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት አመልክተው ገና መልስ ለሚጠብቁ በተለይ ይህን እመክራለሁ። የሚከፈለው ገንዘብ በእጅ ከሌለ ደግሞ ይህን ለፋርማሲስቱ ወይም ለጂፒው በግልጽ ይንገሩ፤ መድኃኒቱን ትቶ ወደ ቤት መመለስ ከማንኛውም ቅጣት የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ቅጣቱ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ ለአንድ የመድኃኒት ዓይነት የሚከፈለው 9.90 ፓውንድ ነው። በስሕተት ነፃ የወሰደ ሰው በመጀመሪያ ያልከፈለውን ዋጋ ይከፍላል፤ በላዩም የዚያን ዋጋ አምስት እጥፍ፣ ግን ከ100 ፓውንድ ያልበለጠ ቅጣት ይጨመርበታል። አንድ ዓይነት መድኃኒት የወሰደ ሰው 9.90 እና 49.50፣ በድምሩ 59.40 ፓውንድ ይጠየቃል። ሦስት ዓይነት የወሰደ ሰው ዋጋው 29.70 ሲሆን አምስት እጥፉ ከ100 ስለሚያልፍ ቅጣቱ በ100 ይቆማል፤ ድምሩ 129.70 ፓውንድ ነው። በ28 ቀናት ውስጥ ካልተከፈለ እስከ 50 ፓውንድ የሚደርስ ተጨማሪ ሊጣልበት፣ ጉዳዩም ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሊተላለፍ ይችላል። በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሕተቱን ሳያውቅ ከቀጠለ ከአንድ በላይ ደብዳቤ ሊደርሰው ስለሚችል፣ የመጀመሪያው እንደመጣ ቆም ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

ይህ ቅጣት የፍትሐ ብሔር ዕዳ ነው፤ ደብዳቤው የወንጀል ክስ አይደለም። ሆን ብሎ፣ እያወቀ ሐሰት የሚናገር ሰው በወንጀል ሊጠየቅ እንደሚችል ሕጉ ቢደነግግም፣ በቅን ልቦና የተሳሳተ ሰው ፖሊስ ቤቱ ይመጣል ብሎ እንቅልፍ ማጣት የለበትም። ይህን የምለው ደብዳቤውን ፈርተው ሳይከፍቱ የሚያስቀምጡ አረጋውያን መኖራቸውን ስለማውቅ ነው። የሚጎዳው ሳይከፈት መቆየቱ ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ

ማጣራቱን የሚያካሂደው የኤን.ኤች.ኤስ ቢዝነስ ሰርቪስስ ኦቶሪቲ የሚባለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በኒውካስል የሆነ ተቋም ነው። በማዘዣው ላይ የተመረጠውን ምክንያት ከሥራና ጡረታ ሚኒስቴርና ከሌሎች መዝገቦች ጋር ያስተያያል፤ ካልተጣጣመ በመጀመሪያ የጥያቄ ደብዳቤ ይልካል። ይህ ደብዳቤ ገና ቅጣት አይደለም። በ28 ቀናት ውስጥ ነፃ መሆንዎን ካስረዱ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ነፃ ካልነበሩም ያልከፈሉትን የመድኃኒት ዋጋ ብቻ በዚሁ ጊዜ ከከፈሉ ቅጣቱ ሳይመጣ ይቀራል። ዝም ካሉ ግን የቅጣት ማስታወቂያው ይከተላል።

ደብዳቤውን ሲከፍቱ ሦስት ነገሮችን አስምሩባቸው፦ የማመሳከሪያ ቁጥሩን፣ መድኃኒቱ የተወሰደበትን ቀን፣ የመልስ መስጫውን የመጨረሻ ቀን። ከሁሉ ቁልፉ ሁለተኛው ነው፤ የሚመረመረው ዛሬ ያለዎት መብት ሳይሆን በዚያ ቀን የነበረዎት ነው። በዚያን ጊዜ የነበረውን የድጎማ ደብዳቤ፣ የዩኒቨርሳል ክሬዲት መግለጫ ወይም ሰርተፍኬት ይፈልጉ፤ ኦርጂናሉን ሳይሆን ቅጂውን ይላኩ። በስልክ ከተነጋገሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገረዎትን ሰው ስም ይጻፉ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም።

የእኛ ሰዎች ነፃ ሆነው ሳለ መዝገቡ የማያገኛቸው ለምን እንደሆነ ለብቻው ማየት ይገባል። የአባት ስም በአንዱ መሥሪያ ቤት እንደ ቤተሰብ ስም፣ በሌላው እንደ መካከለኛ ስም ይመዘገባል። አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል። የትውልድ ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲዛወር በአንዱ ሰነድ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተዛንፎ፣ በሌላው ደግሞ ቀኑ ስላልታወቀ ጃኑወሪ 1 ተብሎ ይገኛል። ጂፒው ዘንድ ያለው አድራሻ ከሁለት ቤት በፊት የነበረው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ማስተያያውን ሊያከሽፉ ይችላሉ። ስለዚህ በመልስዎ ውስጥ በሚኒስቴሩ የተመዘገበውን ስም፣ የትውልድ ቀንና የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ በጂፒ ከተመዘገበው ጋር ጎን ለጎን ጽፈው ልዩነቱን ያሳዩ። ከዚያም ጂፒው መዝገቡን እንዲያስተካክል ይጠይቁ፤ ካልተስተካከለ ያው ደብዳቤ ተመልሶ ይመጣል። በባል ወይም በሚስት ስም በተከፈተ ድጎማ የተካተቱ ሰዎችም የማመልከቻው ባለቤት ማን እንደሆነ መጥቀስ ይኖርባቸዋል።

ደብዳቤው ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኑን የመንግሥት ኦዲተር ራሱ አረጋግጧል። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2014 ወዲህ በመድኃኒትና በጥርስ ሕክምና ከተላኩት 5.6 ሚሊዮን ያህል የቅጣት ማስታወቂያዎች ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ 30 ገደማ፣ ሰዎቹ ተከራክረው ነፃ መሆናቸው ስለተረጋገጠ መሰረዛቸውን ገልጿል። በዚያው ዓመት የፓርላማው የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴም አሠራሩን አጥብቆ ተችቷል። መብት ያለው ሰው ለመገላገል ሲል ብቻ መክፈል የለበትም።

በዚያ ቀን በእርግጥ መብት ያልነበረው ሰውም መከራከሪያ አለው። ሕጉ አንድ ሰው በደል አለመፈጸሙንና ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ አለማጓደሉን ካሳየ ቅጣቱ እንደማይጠየቅ ይደነግጋል፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ግን ይከፈላል። «አላውቅም ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ለማወቅ ምን እንዳደረጉ ማሳየት ያስፈልጋል። የመልሱ አካሄድ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በተጠቀሰው ቀን ኢ.ኤስ.ኤ አገኝ ነበር። ቀደም ሲል የማገኘው በገቢ የሚመዘነውን ስለነበር መድኃኒት በነፃ እወስድ ነበር። ድጎማዬ መለወጡን የሚገልጸው ደብዳቤ የመድኃኒት መብቴ መቅረቱን አልነገረኝም፤ የፋርማሲውንም ሠራተኛ ጠይቄ ኢ.ኤስ.ኤ የሚለውን ሳጥን እንድመርጥ ተነግሮኛል። የሁለቱንም ደብዳቤዎች ቅጂ አያይዣለሁ። የመድኃኒቱን ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ፤ ቅጣቱ ግን እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ።» ከዚህ ውስጥ በእርስዎ ላይ የደረሰውን እውነት ብቻ ይጻፉ። የመርሳት ሕመም፣ የአእምሮ ጤና ችግር ወይም ሆስፒታል ተኝቶ መቆየት ካለ ከጂፒ አጭር ማስረጃ ማያያዝ ይረዳል። ሜዲካል ኤግዘምፕሽን የሚያሰጥ ሕመም ኖሮዎት ሰርተፍኬት ሳይኖርዎት ከተገኙ ደግሞ ወዲያውኑ አመልክተው ይህንኑ ለተቋሙ ያሳውቁ።

መክፈል ግዴታ ሆኖ በአንድ ጊዜ የማይቻል ከሆነ፣ 28 ቀኑ ሳያልፍ ደውለው በየወሩ በትንሽ በትንሹ ለመክፈል ይጠይቁ። ክርክርዎ ተቀባይነት ካጣ በተቋሙ የቅሬታ ሥርዓት ማመልከት፣ በእርሱም ካልረኩ ጉዳዩን ወደ ፓርላማና የጤና አገልግሎት እንባ ጠባቂ መውሰድ ይቻላል። ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት ያለ ክፍያ ደብዳቤ በማርቀቅ ይረዳል።

ነፃ ካልሆኑ

ሁሉንም አጣርተው መክፈል እንዳለብዎ ከተረዱ፣ በየመድኃኒቱ 9.90 ከመክፈል የቅድሚያ ክፍያ ሰርተፍኬት መግዛት ይሻላል። ለሦስት ወር 32.05፣ ለዓመት 114.50 ፓውንድ ሲሆን የታዘዘው መድኃኒት ምንም ያህል ቢበዛ ተጨማሪ አይከፈልም። የዓመቱን በአሥር ወርኃዊ ክፍያ ከባንክ እንዲቆረጥ ማድረግ ይቻላል። ለሕመም ማስታገሻ፣ ለደም ግፊትና ለእንቅልፍ በየወሩ ሦስት ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ፒፕ ተቀባይ ያለ ሰርተፍኬቱ በዓመት 356.40 ፓውንድ ይከፍላል። በዓመት ከ11 ዓይነት በላይ የሚታዘዝለት ሰው ሁሉ ከዓመቱ ሰርተፍኬት ያተርፋል። በወርኃዊ ክፍያ የገዛ ሰው ግን አንዱ ክፍያ ባንኩ ባዶ ሆኖ ሳይቆረጥ ከቀረ ሰርተፍኬቱ ሊሰረዝና እንደገና ያለ መብት ሊገኝ ስለሚችል፣ ድጎማው ወደ ባንክ ከሚገባበት ቀን ቀጥሎ እንዲቆረጥ ማድረግ ይበጃል።